የጅማ የበጋ ብርድ፦ በረዶ ይጥላል ወይ? ለጋው ቡናስ እንዴት ይትረፍ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በዚህ በጋ ከባድ ብርድና በረዶ ይመጣል የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ጅማ ላይ በረዶ፣ ፈረንጅ አገር የምናየው ነጩ ዓይነት፣ ሊጥል ይችላል? እኔ ከቦዬ ረግረግ አጠገብ ዝቅ ያለ መሬት ላይ ሐምሌ የተከልኩት ግማሽ ሄክታር ለጋ ቡና አለኝ፤ ኅዳር መግቢያ ላይም አንድ የችግኝ መደብ ዘርቻለሁ። ዘመዶቼ ደግሞ ደዶ ላይ በመስኖ ድንች ያለማሉ። ምን እናድርግ?»

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ነጩ በረዶ አይጥልም። ይህ ግን ለቡናዎ መጽናኛ አይሆንም፤ ቡናን የሚያቃጥለው ውርጭ ነውና። ውርጭ ደግሞ ደመና አያስፈልገውም፤ ደመና እንዲያውም ጠላቱ ነው። ወሬው ሁላችንንም ወደ ላይ አንጋጠን ከሰማይ የሚወርድ ነገር እንድንጠብቅ አድርጎናል፤ የጅማ ብርድ ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከመሬቱ ነው የሚነሳው። የእርስዎን ቡና ዕጣ ከየትኛውም ትንበያ በላይ የሚወስነው ማሳው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

ግራ መጋባቱ ከቃሉም የመጣ ይመስለኛል። በአማርኛ «በረዶ» ስንል ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጠር፣ ቀዝቃዛ አገር እንደ ባዘቶ የሚወርደውን ነጭ ነገርና ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውን ውሃ በአንድ ስም እንጠራለን። ውርጭ ከሦስቱም ይለያል። ከላይ አይወርድም፤ ቅጠሉና ሣሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዙ የአየሩ እርጥበት እዚያው ላያቸው ላይ ይረጋል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስለው አመዳይ ይኸው ነው። አየሩ እጅግ ደረቅ ከሆነ አመዳዩ ራሱ ላይታይ ይችላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል፣ ጠዋት ላይ ምንም ነጭ ነገር የለም፣ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠቁሮ ይገኛል። ብዙ ሰው «ውርጭ ሳይመታው በሽታ ያዘው» የሚለው ይህን ጊዜ ነው።

ነጩ በረዶ ለምን ጅማ እንደማይደርስ ላስረዳ። በእኛ ኬክሮስ፣ ከምድር በላይ ባለው አየር ውስጥ ሙቀቱ ወደ ዜሮ የሚወርደው ከባሕር ወለል 4,500 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ነጩ በረዶ በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ እየተንሳፈፈ ነው የሚወርደው፤ ከዜሮ በላይ የሆነ 3 ኪሎ ሜትር አየር አቋርጦ ሳይቀልጥ መሬት ሊደርስ አይችልም። በአገራችን አልፎ አልፎ የሚታየው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሸንና የባሌ ተራሮች ላይ። የጅማ ዞን ማይጉዶ ተራራ ከ3,000 ሜትር ቢበልጥም ለነጩ በረዶ ገና ብዙ ይቀረዋል። ከዚህም ሌላ የእኛ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ደረቅ ናቸው፤ እርጥበቱ የሚመጣው ሌሊቶቹ ለዘብ በሚሉበት ጊዜ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ጠጠሩ በረዶ ሌላ ነው። የሚሠራው ጫፉ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሚደርስ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው፤ ክብደት ስላለው በጥቂት ደቂቃ መሬት ይደርሳል፤ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ጅማ ላይ የሚያሰጋው በበልግና በክረምቱ መግቢያና መውጫ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ብርዱ። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ አብዛኛውን ይመልስላታል። ክረምት ላይ ጅማ ሌሊቱ የማይከብደው ለዚህ ነው። በጋ ሲገባ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ሰማዩን ይጠርገዋል፤ ያኔ አንድ ካሬ ሜትር መሬት የሚያጣው ሙቀት ከ80 እስከ 100 ዋት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ ሰማይ ሲበራ ያስቡት። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12፡40 አካባቢ ነው። ብርዱ የሚብሰው ብዙዎች እንደሚያስቡት እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው።

የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲያገኝም ይጠራቀማል። ከጅሬን ኮረብታና ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ብርድ መጨረሻው የአዌቱ ወንዝ ዳርና የቦዬ ሜዳ ነው። በሸለቆ ወለልና ከወለሉ 50 ወይም 100 ሜትር ከፍ ባለ ተዳፋት መካከል በአንድ ሌሊት የ3 እና የ5 ዲግሪ ልዩነት መታየቱ የተለመደ ነገር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው ሕግ ለቀኑና ነፋስ ላለበት አየር ይሠራል፤ በእንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ሌሊት ግን ታች ያለው ማሳ ከፍ ብሎ ካለው የበለጠ ይበርዳል። ስለዚህ «ጅማ ወይና ደጋ ነች፤ ውርጭ የደጋ ነው» ብለው አይዘናጉ።

ትንበያውን እንዴት እናንብበው? የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ላሉት ወራት፣ ወቅታዊ ትንበያ ያወጣል። ይህ ትንበያ ዝናቡንና ሙቀቱን «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ብሎ በመቶኛ ይከፍላል። አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች የሆነ ሙቀት 45 በመቶ ቢባል፣ ብርድ ይመጣል ማለት አይደለም። ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ዕድል 33 በመቶ ነበር፤ አሁን ሚዛኑ ወደ ብርድ አጋድሏል ማለት ብቻ ነው። ደግሞም ወቅታዊ ትንበያ የአራት ወር አማካይ ነው። ቡናዎን የሚጎዳው በአማካይ ሞቃት በሆነ በጋ ውስጥም ተደብቀው የሚመጡ ሦስት ወይም አራት ሌሊቶች ናቸው። እነሱን ለማግኘት የአሥር ቀኑንና የዕለቱን ትንበያ መከታተል ይሻላል፤ ወቅታዊው ከወዲሁ ጆንያና ሣር እንዲያዘጋጁ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን ከወቅታዊው ትንበያ በደንብ ይወጣል፤ ዝናቡንና ብርዱን አያይዘው ያንብቡ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኖ፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቁ ክፍል ውሃ ከወትሮው መሞቅ፣ ሲኖርና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ በጋው ደመናና ያልተጠበቀ ዝናብ ያመጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ ከሁለቱ የመጣ ነው፤ የ2019ኙ ደግሞ በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖሱ መሞቅ። እንዲህ ባለው ዓመት ሌሊቱ ለስለስ ይላል፤ የተለቀመው ቡና ግን ማድረቂያው አልጋ ላይ ይበላሻል። ላኒና፣ ማለትም የዚያው የፓስፊክ ውሃ ከወትሮው መቀዝቀዝ፣ ሲሆን በአመዛኙ ተቃራኒው ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ቡናው በደንብ ይደርቃል፣ ውርጩ ደግሞ ይበረታል። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች ዝናብ» የሚለውን መስመር ሲያዩ «ብዙ የጠሩ ሌሊቶች» ብለው ይተርጉሙት። ሞቃት ቀን ይኖራል የሚለውም አያታልልዎት፤ በደረቅ በጋ ቀኑ 28 ዲግሪ ሆኖ ሌሊቱ ከ8 በታች ሊወርድ ይችላል።

ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን የእርስዎ ማሳ ቁጥር አይደለም። ከሁለት ምክንያት የተነሳ ነው። አንደኛ፣ የሚያሳየው የብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አካባቢ ግምት ነው፤ ኮረብታውንም ሸለቆውንም አንድ አድርጎ ይሰጥዎታል። ሁለተኛ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትር ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በጠራና ጸጥ ባለ ሌሊት ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ያለው ቅጠል ከዚያ ሳጥን በ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊበርድ ይችላል። ጣቢያው 4 ዲግሪ ሲመዘግብ ሣርዎ ላይ አመዳይ ቢያዩ ጣቢያው አልተሳሳተም።

ስለዚህ ከምንም በፊት አንድ ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ይግዙ። ሁለት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከመጠቀምዎ በፊት ይፈትኑት፦ የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተው ትንሽ ውሃ ያፍሱበት፣ እያማሰሉ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዜሮ ማሳየት አለበት። 1.5 ካሳየ ከእያንዳንዱ ንባብ 1.5 ይቀንሱ። ከዚያ አንዱን ከማሳው ዝቅተኛ ጥግ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ምንም ሳይሸፍነው ሰማዩን እያየ እንዲያድር በሁለት እንጨቶች ላይ ያጋድሙት። ሌላውን የማሳው ከፍ ያለ ጥግ ላይ እንዲሁ። አሥር ሌሊት ይመዝግቡ፤ በየጠዋቱ ትንበያው ስንት ብሎ እንደነበርም ጎን ለጎን ይጻፉ። ትንበያው 9 ሲል የእርስዎ ታችኛ ጥግ 5 እያሳየ ከሆነ ልዩነትዎ 4 ነው፤ ትንበያው 5 ያለ ቀን ወደ 1 ይጠብቁ። ይህ አሥር ሌሊት የሚፈጅ ሥራ ከየትኛውም የሩቅ ባለሙያ ምክር ይበልጣል፤ ከልቤ ነው የምለው። ሲያነቡም የጠሩትን ሌሊቶች ከደመናማዎቹ ይለዩ፤ ልዩነቱ በጠራው ሌሊት ነው የሚሰፋው።

ምሽት ላይ የሚወሰነው ውሳኔ «ዛሬ ልሸፍን ወይስ አልሸፍን?» ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሰማዩን፣ ነፋሱንና እርጥበቱን ይዩ። የጎረቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከቤቱ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ሲል እንደ ምንጣፍ ከተዘረጋ፣ ታች ቀዝቃዛ ላይ ሞቅ ያለ አየር ተደራርቧል ማለት ነው፤ ብርዱ ሊተኛ ነው። ቴርሞሜትርዎ እርጥበትም የሚለካ ከሆነ የጤዛ ነጥቡን ይገምቱ፤ አየሩ እስከዚያ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መያዝ ይጀምራል፣ ጤዛ ሲይዝ ደግሞ ሙቀት ስለሚለቅ የብርዱ ጉዞ ይዘገያል። 20 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ከሆነ የጤዛ ነጥቡ 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ተኝተው ሊያድሩ ይችላሉ። 18 ዲግሪና 40 በመቶ ከሆነ ወደ 4 ይወርዳል። 20 ዲግሪና 30 በመቶ ከሆነ 2 ነው፤ በዚህ ምሽት፣ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ፣ ይሸፍኑ። እርጥበት መለኪያ ከሌለዎት ደግሞ የታችኛውን ቴርሞሜትር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዩት፤ ከ6 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ እየቀነሰ ቢሄድ እንኳ ንጋት ላይ 1 ዲግሪ ደርሷል፤ ለዚያ ሌሊት ቢዘገይም፣ ሰማዩ እንደጠራ ከዋለ በማግስቱ ቀደም ብለው ይሸፍኑ። ከቀዝቃዛ ነፋስ ማግስት ነፋሱ ድንገት ጸጥ ያለበት የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው።

የቡና ቅጠል የሚሞተው ቅጠሉ ራሱ ከዜሮ በታች ወደ 2 እና 3 ዲግሪ ሲወርድ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ብርድ አይገድልም፤ እድገትን ግን ይይዛል፣ ለጋ ቅጠል ላይ ነጣ ያለ ቢጫ ነጠብጣብና መጨማደድ ያመጣል። ቀኑ በጣም ሞቃት ሌሊቱ በጣም ቀዝቃዛ ሲሆን የሚታየው ይህ ምልክት በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት አይርጩበት። ጥላ ሲያገኝ ቀጣዩ ቅጠል ጤነኛ ሆኖ ይወጣል።

ለችግኝ መደቡ። ኅዳር የተዘራ ዘር በዚህ ብርድ ለመብቀል 60 ቀንና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ዘሩ አልሞተም፤ አፈሩ ቀዝቅዞ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሰው ተጨንቆ ውሃ ማብዛቱ ነው፤ ያኔ ዘሩ ይበሰብሳል፣ የበቀለውም አንገቱ ይበሰብሳል። ገና ያልበቀለ ዘር ላይ ያለው የሣር ጉዝጓዝ ይቆይ። በቅሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክብ ቅጠሎች የከፈተው ግን ከጉዝጓዙ በላይ ስለሆነ ሌላ ስሌት አለው። ደረቅ ሣር አፈሩ ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ያፍናል፤ ከሣሩ በላይ ያለው አየር ከባዶ አፈር በላይ ካለው ይበርዳል። ብርድ በሚጠበቅባቸው ቀናት ጉዝጓዙን ወደ መደቡ ጠርዝ ይሰብስቡ፣ ቀን ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ሊትር ያህል ውሃ ያጠጡ። ስፋቱ 1 ሜትር ርዝመቱ 10 ሜትር ለሆነ መደብ 100 ሊትር ነው፤ ባለ 10 ሊትር ማጠጫ አሥር ጊዜ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ያከማቻል፤ ሌሊትም ከታች ወደ ላይ በደንብ ያሳልፈዋል። ምሽት ላይ ማጠጣት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል።

ሽፋኑ ከመደቡ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የቀርከሃ ቅስት ላይ ይዘርጋ፣ ጎኖቹም መሬት እስኪነኩ ይውረዱ። ቀን ለፀሐይ የሠሩት 1.5 ወይም 2 ሜትር ከፍታ ያለው ዳስ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ጆንያ፣ ሰሌን፣ የእንሰት ቅጠል ጥሩ ነው። ስስ ፕላስቲክ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ዝናብና ነፋስ ቢከለክልም ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ቅጠሉን የነካ ፕላስቲክ ደግሞ የነካበትን ቦታ ያቃጥለዋል። ፕላስቲክ ብቻ ካለዎት ከላዩ ሣር ይበትኑበት። የሚሸፈንበት ሰዓት ከሽፋኑ ዓይነት አይተናነስም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ አፈሩ ገና ሞቅ እያለ፣ ይሸፍኑ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚለበስ ጆንያ ብርዱን ራሱን ነው አቅፎ የሚያድረው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይግለጡ፤ ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ ከዋለ አፈሩ ለቀጣዩ ሌሊት ሙቀት አይሰበስብም።

ሐምሌ ለተተከለው ቡና ዋናው ጉዳይ አንገቱ ነው። በአንድ ዓመት ቡና ላይ ብርዱ ከመሬት 5 እና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ግንድ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ሊገድለው ይችላል። ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና በልግ ሲገባ በድንገት ይጠወልጋል። መከላከያው አፈር ማቀፍ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ እርጥበት ያለው ንጹሕ አፈር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች ድረስ ይከምሩ። ብራዚሎች ለጋ ቡናን ከውርጭ የሚያድኑበት ዋና ዘዴ ይህ ነው፤ በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. የፓራና ግዛትን ቡና ጨርሶ ያወደመውን ውርጭ ያዩ ሰዎች ስለሆኑ ቸል አይሉትም። ተክሉ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ሙሉ በሙሉ በአፈር መቅበርም ይሠሩበታል፤ ከ20 ቀን በላይ ግን አይተዉትም። እርስዎ ይህን ቢያደርጉት በጣም ዝቅ ባለው ጥግ ላሉት ጥቂት መስመሮች ብቻ፣ ብርዱ እንደሚመጣ በተነገረበት ሳምንት ብቻ ይሁን።

ጅማ ላይ አፈር ማቀፍ አንድ ችግር አለው፤ ምስጥ። የሚከምሩት አፈር ውስጥ ደረቅ ሣር፣ ግንጣይ ወይም ፍግ አይግባ፣ በሳምንት አንዴም ጥቂቶቹን ገልጠው ይዩ። ክምሩ ከጥር መጨረሻ በላይ አይቆይ፤ የበልግ ዝናብ ከደረሰበት ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ሲያነሱትም በእጅ፤ መቆፈሪያ ለስላሳውን ቅርፊት ያቆስለዋል።

በመስመሮቹ መካከል ያለው መሬትም ድርሻ አለው። አረም የሌለው፣ የጠነከረና እርጥብ የሆነ አፈር ሌሊት ይሞቃል። አዲስ የተኮተኮተ አፈር ግን በውስጡ አየር ስለሚይዝ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ከታች ያስቀረዋል፤ በታኅሣሥ አይኮትኩቱ፣ አረሙን ብቻ አጭደው ያውጡ። ጉዝጓዝ ላይ የእኔ ምክር እንደ ቦታው ይለያያል፦ ጥላ ያለበትና ከፍ ያለው ክፍል ላይ ይቆይ፤ የበጋውን ድርቅ ይከላከላል። ዝቅ ባለውና ገላጣው ክፍል ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ይነሳና ከዚያ ይመለስ።

የጥላ ዛፍ ከሁሉም በላይ የሚያስተማምን መከላከያ ነው። ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብርብራ ከላይ ካለ ቅጠሉ ሰማዩን ሳይሆን ዛፉን ነው የሚያየው፤ ከሥሩ ያለው ቡና ከገላጣው በሁለት ሦስት ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ጥላውን መመልመል ካለብዎ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት ያድርጉት። የእርስዎ ቡና ገና ጥላ ከሌለው ለእያንዳንዱ ከምሥራቅና ከላይ የሚከልል ትንሽ የቅጠል ጎጆ ይሥሩ። የምሥራቁ ጎን ቀዝቅዞ ያደረውን ቅጠል ጠዋት ላይ ፀሐይ በድንገት እንዳትመታው ነው።

አጥሩንም ይዩት። የማሳው ታችኛ ጎን በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ከተዘጋ ከላይ የወረደው ብርድ መውጫ ያጣል፤ ግድብ ሠርተውለታል ማለት ነው። ታች በኩል 3 እና 4 ሜትር ስፋት ያላቸው ክፍተቶች ይተዉ፣ የላይኛው ጎን ግን ጥቅጥቅ ይበል፤ ከተዳፋቱ የሚመጣውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሰዋል። እንስሳ እንዳይገባ ክፍተቱን አየር በሚያሳልፍ ሽቦ ወይም ሳሳ ባለ እንጨት ያጥሩት። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ መቅደድ የሚያስብ ጎረቤት ካለ ደግሞ ይነጋገሩ። ውሃ ያለበት መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቃል፤ የደረቀ ረግረግ የውርጭ ሜዳ ነው።

ስለ ጭስ ብዙ ይባላል። እርጥብ ቅጠል አንድዶ ማሳውን በጭስ ማልበስ ውርጭን አይከለክልም፤ የጭስ ብናኝ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ለመመለስ እጅግ ደቃቅ ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ፀሐይዋን ጋርዶ ብርዱን ያራዝመዋል። የሚረዳው የእሳቱ ሙቀት ነው፤ እሱም ቢሆን ትናንሽና ብዙ ሆኖ ሲበታተን ነው። አንድ ትልቅ እሳት ሞቃቱን አየር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል፣ በምትኩ ከጎን ብርድ ይስባል። በደረቅ በጋ በሣር መካከል እሳት መበተን ከሚያድነው የሚያጠፋው ሊበልጥ ስለሚችል እኔ አልመክርም።

ቢመታስ? ለሁለት ሳምንት እጅዎን ይሰብስቡ። ወዲያው መቁረጥ፣ ዩሪያ መጨመር፣ መድኃኒት መርጨት ሦስቱም ጉዳት ናቸው። የሞተው ቅጠል ከታች ያለውን ለቀጣዩ ውርጭ ይሸፍነዋል፤ ማዳበሪያው ደግሞ ብርዱ ሳያልፍ ለስላሳ ቡቃያ ያስወጣል። ከዚያ ግንዱን በጥፍር ይፋቁ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፣ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ከላይ ወደ ታች እየፋቁ ሕያው እስኪያገኙ ይውረዱ። አዲስ ቡቃያ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ፣ ከቡቃያው በላይ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ፣ አንዱን ጠንካራ ቡቃያ ያስቀሩ። አንገቱ ዙሪያውን ከሞተ ግን አይጠብቁት፤ በሰኔና በሐምሌ የሚተካ ችግኝ ከአሁኑ በዚያው መደብ ላይ ጨምረው ያዘጋጁ።

ለደዶ ዘመዶችዎ። ደጋው ላይ ውርጭ እንግዳ አይደለም። ድንች ቅጠሉ ከዜሮ ትንሽ ሲወርድ ይቃጠላል፤ ድንቹ ግን አፈር ውስጥ ነው። ቦይ ለቦይ የሚያጠጡ ከሆነ ብርድ በተነገረበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ያጠጡ፤ አፈሩን 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር አቅፈው ያቆዩ። ቅጠሉ ገና በእድገት ላይ እያለ ከተቃጠለ ከሥሩ ያገግማል፤ አይንቀሉት። ድንቹ ከያዘ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት ቆይተው ልጣጩ ሲጠነክር ያውጡት።

ከዚሁ ጋር፣ አልጋ ላይ ያለ ቡና ካለዎት ብርዱ አይጎዳውም፤ ጤዛው ነው። ቀን የደረቀው ሌሊት መልሶ እርጥበት ይጠጣል፣ ሻጋታም ይጀምረዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሰብስበው ይሸፍኑ፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሳ ይግለጡ፤ ሽፋኑ ላይ ያደረው ውሃ ቡናው ላይ እንዳይንጠባጠብ በጥንቃቄ ይንሱት።

የመጨረሻው ለቤት ነው፣ ከቡናውም ይቀድማል። በእነዚህ ሌሊቶች ሰው ከሰል ያለበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ያስገባል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ክፍሉን ማሞቅ ካለብዎ ሰው ነቅቶ ባለበት፣ በርና መስኮት ከፍተው ያሙቁ፤ ከመተኛትዎ በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ከቤት ያውጡት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ጉልበት መክዳት በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ጉንፋን ነው ብለው አይጠብቁ፤ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አየር ያውጡና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።